የመደርደሪያው ጭማቂ ወይስ የፍሪጁ?

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዱ የብርቱካን ጭማቂ መደርደሪያ ላይ፣ ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ይሸጣል። የመደርደሪያው ወራት የሚቆየው ኬሚካል ስለበዛበት ነው? ለልጆቼ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ኬሚካል ሳይሆን ሙቀትና አስተሻሸግ ነው። የመደርደሪያው ጭማቂ ለጥቂት ሰከንዶች 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሞቅና ከጀርም በጸዳ ካርቶን ይታሸጋል፤ አንዳንዱም በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ይሞላል። የፍሪጁ ቀለል ያለ ሙቀት ያየ ነው፤ ጨርሶ ያላየም አለ። ጣዕሙ ወደ ፍሬው ይቀርባል፤ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ግን መከላከያው አብሮ ይሄዳል።

በተለይ የካሮት ጭማቂ ያሳስበኛል። ብርቱካን ኮምጣጣ ስለሆነ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አያድግበትም፤ ካሮት ግን ይህ አሲድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካና በካናዳ በፍሪጅ መቀመጥ የነበረበትን የካሮት ጭማቂ የጠጡ ሰዎች በቦቱሊዝም ተመርዘው ሰውነታቸው ሽባ ሆኗል። መርዙን በሽታና በጣዕም መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ «ምንም አልሸተተም» ብለው አይጠጡት።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ያለማመንታት የመደርደሪያውን ይግዙ። ከተከፈተ በኋላ ግን እሱም ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ማሸጊያው ላይ ለተከፈተ ጭማቂ በተጻፈው የቀናት ገደብ ውስጥ ይጨርሱት። የቫይታሚን ሲ ልዩነቱ አያስጨንቅዎ። ስኳር የተጨመረበት መሆን አለመሆኑን ያንብቡ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የትኛውንም አይስጡ።