ሳንቲም የሚጎርሱ መኪናዎች

በየከተማችን መንገድ ዳር የሚቆመውን ጆተኒ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ ሰው ከፍሎ በመኪና መጫወት እንዴት እንደ ጀመረ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ባጭሩ ልንመረምር አስበናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሐሳቡ መነሻ ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ ሄሮን፥ ለቤተ ጣዖት የመንጻት ውሃ የሚያድል ዕቃ በመጽሐፉ ገልጿል። በቀዳዳው የገባው ገንዘብ በውስጥ ካለው ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ዘንጉ በክብደቱ ሲያዘነብል ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ይፈሳል፤ ገንዘቡ ተንሸራቶ ሲወድቅም ክዳኑ ይዘጋል።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ መኪና ገንዘብን የሚያውቀው በክብደቱና በመጠኑ ነው። ሳንቲሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ካልተሠራ መኪናው ከንቱ ነው። በአገራችን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ቁይን በመሰሉ የጎጃም ደጋ ገበያዎች አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ብር ለረጅም ዘመን አብረው ሠርተዋል። አሞሌው ሲሰበርና ሲሟሟ ዋጋው ይቀንሳል፤ ብሩም 28 ግራም ያህል ቢመዝን፥ ሻጩ የንግሥቲቱን ጌጥና ዕንቍ ሳይመረምር አይቀበለውም ነበር። ዳኛው የሰው ዓይን ነበር።

በሌላው ዓለም በ1883 ፐርሲቫል ኤቨሪት ፖስት ካርድ የሚሸጥ መኪና በለንደን አቆመ። በ1889 ደግሞ ሉዊስ ግላስ በሳን ፍራንሲስኮ መጠጥ ቤት ሳንቲም ሲገባለት የሚዘፍን የኤዲሰን ፎኖግራፍ አኖረ፤ በስድስት ወርም ከ1000 ዶላር በላይ ሰበሰበ። ጥቂት ሳንቲም ሲጠራቀም ሀብት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በ1931 አሜሪካ በሥራ አጥነት በተጨነቀችበት ወቅት፥ ዴቪድ ጎትሊብ ባፍል ቦል የተባለውን የፒንቦል መኪና አወጣ። ድኻው ባንድ ሳንቲም ጥቂት ኳሶች እየለቀቀ ሐሳቡን ይረሳ ነበር። ነገር ግን ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ ተጫዋቹ ብዙ ሥልጣን አልነበረውም። ስለዚህ የኒው ዮርክ ከተማ በ1942 «ይህ ቁማር ነው» ብላ ከለከለች፤ ከንቲባው ላ ጓርዲያም መኪናዎቹን በመዶሻ ሰበረ። በ1947 ግን ኳሷን መልሶ የሚመታ ትንሽ ክንፍ ተጨመረ፤ ዕድል በነበረበትም የእጅ ብልሃት ገባ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ በከተማው ምክር ቤት ፊት ኳሷን ወዳሰበበት ልኮ ይህንኑ አስመሰከረ፤ ክልከላውም ተነሣ።

እንግዲህ ጥያቄው ከመኪናው ላይ ሳይሆን ከፍርዱ ላይ ነው፤ የሚያሸንፈው ብልሃት ነው ወይስ ዕጣ? በእንግሊዝ ሃሮልድ ቶርንተን በ1923 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የጠረጴዛ እግር ኳስ፥ እኛ ጆተኒ የምንለው፥ ጥበቡ ከተጫዋቹ ክንድ ነው። የተሸነፈው ሒሳቡን ቢከፍልም ነገ ተለማምዶ መርታት ይችላል። ባለፉት ዓመታት የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ግን ሌላ ነው፤ ተማሪው የሚጫወትበት ሜዳ የለውም፥ ዋጋውን የሚተምነውም አወራራጁ ነው።

የጎጃም ገበያተኛ ብሩን አገላብጦ ሳያይ አልተቀበለም። እኛም ብራችንን ከመስጠታችን በፊት ጨዋታውን እንዲሁ አገላብጠን እንይ።