መድረክ ላይ እጃችን ለምን ይከዳናል?

ባለፈው መንፈቅ ማብቂያ በተደረገው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የሆነውን ሁላችንም አንረሳውም። ማታ ማታ በመኝታ ክፍል ክራር ሲደረድር አፋችንን የሚያስከፍተን አንድ እጩ መምህር፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ዜማው መሐል ላይ ጠፋበት። አቆመና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም እዚያው ሲደርስ ቆመ። አዳራሹ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ክራሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ይህን የምንጽፈውም በሳቃችን አፍረን ነው።

ለመሆኑ ልጁ አልተለማመደም ነበር? ኧረ ተለማምዷል! ነገር ግን የተለማመደው ብቻውን መጫወትን እንጂ ሰው ፊት መጫወትን አይደለም። ሰው ፊት ስንቆም ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጣት ይቀዘቅዛል። ይህ ሰውነታችን ሲደነግጥ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ የሚመጣ ነው እንጂ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ብዙ ዓመት የተጫወቱትንም ይይዛቸዋል። እንግዲህ ቁም ነገሩ ከነፍርሃቱ መጫወትን መልመድ ነው። እንዴት ቢሉ፦

ሀ. በዝግታ መጀመር፦ የሚያስቸግረውን ቦታ ለብቻው ነጥሎ፣ ሳይሳሳቱ እስኪያልፉት ድረስ ቀስ ብሎ መመላለስ። በጥድፊያ የተደጋገመን ስሕተት እጅ ይለምደዋል፤ በኋላ ማስረሳቱ ያስቸግራል።

ለ. ከየትም መነሳት፦ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚነሳ ሰው መሐል ላይ ሲጠፋበት መግቢያ የለውም። የልጁም ችግር ይኸው ነበር። ዜማውን 4 ወይም 5 ቦታ ከፍሎ ከእያንዳንዱ መነሳትን መለማመድ ይገባል።

ሐ. ስሕተትን ማለፍ፦ በመጨረሻዎቹ ቀናት ቢሳሳቱም አለማቆም። ምቱን ይዞ የቀጠለ ተጫዋች ስሕተቱን አድማጭ ብዙውን ጊዜ ልብ አይልበትም፤ የቆመን ግን ሁሉም ያውቅበታል።

መ. ቅኝትን አስቀድሞ ማሰብ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት 4ቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ሰው እያየ መቃኘት ደግሞ ላብ በላብ ያደርጋል። ስለዚህ ቅኝታቸው አንድ የሆነውን ዜማዎች አከታትሎ መደርደር ይሻላል። አውታሩ ሊረግብ ስለሚችልም ከመውጣት በፊት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይፈተሽ።

ሠ. አድማጭን ማብዛት፦ መጀመሪያ ለ1 ጓደኛ፣ ቀጥሎ ለ5፣ ከዚያም ለመኝታ ክፍሉ በሙሉ መጫወት።

ከሀ እስከ መ ያለውን ልጁ ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ሠ ግን ያለ እኛ አይሆንም። ነገ እኛም ጠመኔ ይዘን 40 እና 50 ሕፃናት ፊት ስንቆም ድምፃችን መንቀጥቀጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ማን እንዲስቅብን እንፈልጋለን?

እንግዲያው ቅዳሜ ማታ ክራሩን ከግድግዳው አውርደን ለባለቤቱ እንስጠው። 5 ሆነን እንቀመጥ። ቢሳሳትም እስኪጨርስ ዝም ብለን እንስማው።