ጤና አዳም፣ ፀሐይና የተተከለ ሳንባ

በእኛ በከፋ ቡና ሲቀዳ ከስኒው ጤና አዳም ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ነገር ግን የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳው ላይ ፈሶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳው ቀልቶ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ቅጠሉ ብቻውን አይደለም ያቃጠለው፤ ፀሐይዋም ብቻዋን አይደለችም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ይህን የሚያደርገው ሶራሌን የሚባል የንጥረ ነገር ወገን ነው፤ በሎሚ ልጣጭም ይገኛል።

ይኸው ሶራሌን ከብርሃን ጋር ሆኖ የተተከለ ሳንባን ከመበላሸት ያዘገያል ቢባል ማን ያምናል? እኛም መጀመሪያ አላመንንም ነበር።

እስቲ ችግሩን እንይ። ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች ናቸው ተብለን ተምረናል፤ ነገ ለተማሪዎቻችንም ይህንኑ ልንል ነው። አባባሉ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ወታደሩ ወራሪውን ጀርምና ሕይወት ሊያተርፍ የገባውን እንግዳ ሳንባ አይለይም፤ በሁለቱም ላይ ይዘምታል። ሳንባ ደግሞ በየትንፋሹ አቧራ፣ ጭስና ጀርም ስለሚገባው ከሌላው አካል ይልቅ ይጠቃል። ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ሥር የሰደደ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ጥቃቅኖቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ እየጠበቡ ይዘጋሉ።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ቀላል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በወፍራም ሸምበቆ፣ ቀጥሎ በእስክሪብቶ ቀፎ ትንፋሹን ባንዴ ይልቀቅ። ሐኪሞችም የሚለኩት ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው 1 ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከቀድሞው ምርጥ ልክ በ20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ከቀረ ነገሩ ያሰጋል።

ታዲያ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክመውን መድኃኒት መጨመር አይሻልም? አይሻልም። ሠራዊቱ በሙሉ ከተዳከመ ለሳንባ ነቀርሳና ለሌላው ተላላፊ በሽታ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

የብርሃኑ ሕክምና እንዲህ ነው። የበሽተኛው ደም በቱቦ ወጥቶ በመሣሪያ ውስጥ እየተሽከረከረ ነጭ ሕዋሳቱ ይለያሉ። ሶራሌን ይጨመርባቸዋል፤ ቀጥሎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራባቸዋል። ሶራሌኑ በዲ.ኤን.ኤው ክሮች መካከል ገብቶ ብርሃኑ ሲያርፍበት ሁለቱን ክሮች ያያይዛቸዋል። ከዚያ ሕዋሳቱ ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ፤ ግን ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። የሚታከሙት ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሞቱትን የሚውጡት ሌሎች ሕዋሳት የማረጋጋት መልእክት ያስተላልፋሉ፣ ጠብ የሚያበርዱትም ሕዋሳት ይበረክታሉ። እኛ እነዚህን አስታራቂ ሽማግሌ ብለናቸዋል፤ ከወታደሩ ምሳሌ ጋር አብሮ ቢሰጥ ተማሪው ይገባዋል።

መነሻው አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ደስ አሰኝቶናል። የካይሮው ሐኪም ኤል ሞፍቲ የድምብላል ዘመድ ከሆነ የግብፅ ተክል በተገኘ ሶራሌንና በፀሐይ ለምጽን እንዳከሙ በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በ1987 አሜሪካዊው ኤደልሰንና ባልደረቦቻቸው ደምን ከሰውነት ውጭ በብርሃን ማከምን ለአንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር አቀረቡት፤ ወደ ሳንባ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕክምናው አዳኝ አይደለም። በጠባሳ የተዘጋውን ቧንቧ አይከፍትም፤ በብዙዎች ላይ የትንፋሹን ማነስ ያዘገያል ወይም ያቆማል፣ በአንዳንዶች ላይ ግን አይሠራም። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረ፣ የእንግዳው አካልና የወታደሩ ጠብ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ጤና አዳም ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ግን ይህን ሕክምና አይሆንም፤ ትርፉ ቃጠሎ ነው።