ባትሪው ይከሰሳል፤ ጥፋተኛው ግን ማን ነው?

መኪና አልነሳ ሲል በአገራችን የመጀመሪያው ተከሳሽ ባትሪ ነው። ሹፌሩ «ባትሪው ሞቷል» ይላል፤ ረዳቱም «አዎን ጋሼ፣ ሞቷል» ብሎ ይመሰክራል፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። አሮጌው ወጥቶ በብዙ ብር የተገዛ አዲስ ይገባል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ብሎ ይገኛል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሌላውን ጥፋት የሚሸከም መሆኑን፣ እውነተኛውም ጥፋተኛ በአንዲት ርካሽ መለኪያና በተገቢ ቅደም ተከተል ሊገኝ መቻሉን ነው።

ነገሩ የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣልያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ያበጁት የሰሜን መንገድ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ያልፍና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር 35፣ ዳባት 75፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው ደጋዎች ናቸው። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ክረምቱ ጉም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ጥናት ሲያካሂድበት የኖረው ዳባትም በዚሁ መንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ ከጓደኞቻችን መካከል መንገዱን በመጽሐፍ ሳይሆን በወገባቸው የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለሱት መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ ገናም ይቆያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን በሚያስገቡ ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና በእውቀት መንከባከብ ለብዙ ዓመታት የሚጠቅመን ሙያ ነው።

ጎተራውና አዝመራው

የአሠራሩን ነገር በወገራ ገበሬ ቤት ብንመስለው ቶሎ ይገባናል። ባትሪው ጎተራ ነው። ዲናሞው አዝመራውን የሚያስገባው ገበሬ ነው። ሞተሩን ለማስነሳት ሞተሪኖው ከጎተራው ብዙ እህል ባንዴ ይዝቃል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ዲናሞው ቤተሰቡን ሁሉ፣ ማለት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የካንዴላውን እሳት እየመገበ የተዘቀውን ወደ ጎተራው ይመልሳል። እንግዲህ ጠዋት ጎተራው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፤

1ኛ/ ጎተራው ራሱ ተሰነጣጥቋል፤ ባትሪው በእርግጥ አርጅቷል።
2ኛ/ ገበሬው አላረሰም፤ ዲናሞው ወይም የሚያዞረው ቺንጊያ ታሟል።
3ኛ/ እህሉ በመንገድ ፈሷል፤ ገመዱና ማሰሪያው ዝገዋል ወይም ላልተዋል።
4ኛ/ ሌሊት አይጥ በልቶታል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ኃይል የሚጠጣ ነገር አለ።

ባትሪ የሚቀይር ሰው ከአራቱ አንዱን ብቻ አከመ ማለት ነው።

ዲናሞ ስንል ሹፌሮቻችን በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች መኖራቸውን ማወቅ ያሻል። ሁለቱም የተመሠረቱት ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ላይ ነው፤ ሽቦና ማግኔት አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። በቀድሞዎቹ መኪኖች ላይ ያለው እውነተኛው ዲናሞ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ነገር ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ከምንም አይቆጠርም። በኋላ የመጣው አልተርኔተር ግን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይወልድና ዳዮድ በሚባሉ ትናንሽ በሮች አሳልፎ ቀጥተኛ ያደርገዋል፤ በዝግታም ሲዞር ይሠራል። ስለዚህ ባለ ዲናሞ መኪና ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ከነዳጅ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆም ባትሪው ቢደክም በሽታ አይደለም፤ የተፈጥሮው ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የሚያስፈልገን መሣሪያ ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተር ነው። ከዚያ በፊት ግን በዓይንና በእጅ የሚታየውን እንይ።

አንደኛ፤ ሞተሩን አጥፍተን ቺንጊያውን በአውራ ጣት እንጫን። በሁለቱ መዘውሮች መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ መልካም ነው፤ ከዚያ ብዙ ከረገበ ይንሸራተታል፤ መብራት ሲበራም ይጮኻል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ይኸው ቺንጊያ የውሃውን ፓምፕ ስለሚያዞር፣ እርሱ ሲበጠስ ባትሪው መራቡ ብቻ ሳይሆን ዳገት ላይ ሞተሩ ይፈላል። ቀጥሎ የባትሪውን ሁለት ራሶች እንመልከት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከበዛባቸው ገመዶቹን ፈትቶ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ሲፈቱ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው ገመድ ይቅደም፤ ሲታሰሩ እርሱ መጨረሻ ይሁን። ብዙ «የሞቱ» ባትሪዎች በዚህ ብቻ ከሞት ተነስተዋል።

ሁለተኛ፤ የዳሽቦርዱን ቀይ የባትሪ መብራት እንጠይቅ። ይህች መብራት ምስክር ናት። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። ተነስቶ ካልጠፋች ዲናሞው አይሞላም። ደብዘዝ ብላ ከቀረች ካርቦኑ አልቆ፣ ዳዮድ ተቃጥሎ ወይም ቺንጊያው ላልቶ ይሆናል። ከሁሉ የምታታልለው ግን ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ ያልበራችው ናት፤ ሹፌሩ ቀይ ነገር ስላላየ ሰላም ነው ይላል። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ የመጀመሪያው መቀስቀሻ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚህችው አምፖል በኩል ስለሆነ፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ጤነኛው አልተርኔተር ሳይቀሰቀስ ሊቀር ይችላል። የጥቂት ብር አምፖል ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ አስከሰሰች ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ባትሪውን እንለካ። መኪናው ሌሊቱን ካረፈ በኋላ፣ ማለዳ፣ ምንም ሳይነካ መሆን አለበት። የ12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 12.6 ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ሩብ ያህል ነው። ከዚያ ሞተሪኖው ሲዞር ጓደኛችን ቴስተሩን ይመልከት። ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወደቀ እውነትም አርጅቷል። ግን ሳይሞላ የተመረመረ ባትሪ ሳይበላ እንደተፈተነ ተማሪ ነው፤ አስቀድሞ ይሞላ፣ ከዚያ ይፈተን። ብርዱንም አንርሳ፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ማለዳ የባትሪ የማስነሳት ጉልበት ሲሶ ያህል ሲቀንስ፣ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። ጎንደር ላይ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና አምባ ጊዮርጊስ ላይ አልነሳ የሚለው ስለዚህ ነው።

አራተኛ፤ ዲናሞውን እንለካ። ሞተሩ ተነስቶ ፍጥነቱ ከፍ ሲል በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ትልቁን መብራትና የዝናብ መጥረጊያውን ከፍተንም ከ13.5 በታች ባይወርድ መልካም ነው። ያው 12 ተኩል ላይ ከቀረ አይሞላም። 15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ያልቃል፣ አምፖሎች ይቃጠላሉ። በየሳምንቱ ውሃ የሚጠማ ባትሪ የዚህ ምልክት ነው። የሚጨመርለትም የተጣራ ውሃ እንጂ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ አይደለም።

አምስተኛ፤ መንገዱን እንለካ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው መውጫ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ እናሳርፍ። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ እህሉ በመንገድ እየፈሰሰ ነው። በዲናሞው አካልና በኔጌቲቭ ራስ መካከል ደግሞ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ይህን መለኪያ ብዙዎች ስለማያውቁት ዲናሞና ባትሪ በከንቱ ይለወጣሉ፤ በሽታው ግን የዛገ ገመድ ነበር።

ስድስተኛ፤ አይጡን እንፈልግ። ሁሉን አጥፍተን የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተን ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው በኩል በመካከል እናስገባ። በዚህ ጊዜ ቁልፉን አንክፈት፤ መለኪያው ይቃጠላል። ከ0.05 አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ቁጥሩ የሚወርድበትን እንጠብቅ። በዕቃ ሳጥን ውስጥ ተደብቃ የምታድር አንዲት የ5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ያህል ትጠጣለች፤ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአምስት ቀን ገደማ ታደርቃለች። ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ የአልተርኔተሩን ገመድ ፈትተን እንይ፤ የተበላሸ ዳዮድ ሌሊቱን በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ያፈሳል።

ዳባት ላይ ማደር ወይስ ማለፍ?

አሁን እውቀቱን ወደ ውሳኔ እናምጣው። አንድ የቤንዚን መኪና ከደባርቅ ሲመጣ ዳባት ላይ በምሽት ቀዩ መብራት በራበት እንበል። ሰው ተሳፍሯል፤ ሁሉም ጎንደር ለመድረስ ይቸኩላል። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ነው። ሁለቱ ትልልቅ መብራቶች 110 ዋት፣ ማለት 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ የኋላና የውስጥ መብራቶች 2፣ የካንዴላው እሳት 4 ገደማ፤ ድምሩ 15 አምፔር። በወረቀት ላይ 45 ለ15 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ይሆናል። ግን ያረጀ ባትሪ የተጻፈበትን አይሰጥም፤ መብራቱም ባትሪው ሳያልቅ በፊት ይደበዝዛል። ግማሹን እንቁጠር፤ አንድ ሰዓት ተኩል። 75 ኪሎ ሜትር የሌሊት መንገድ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራቱ የሚከዳን አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ወደ ጎንደር ቁልቁለቱን ስንይዝ ነው ማለት ነው።

ያው መኪና ጠዋት፣ መብራት ሳይበራ ቢነሳ የሚያስፈልገው 4 አምፔር ነው፤ ግማሹ ባትሪ ብቻ ከአምስት ሰዓት በላይ ያስኬደዋል። የድሮ ናፍጣ ሞተር ከሆነማ ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ከምንም አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ሞተሩ መሄዱ በጨለማ ለመሄድ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዳባት ማደር፣ ጠዋት ሁሉን አጥፍቶ፣ ሞተሩን በመንገድ ሳያቆሙ ጎንደር መግባት።

መደረግ የሌለበት

ዲናሞው መሥራቱን ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅሉ አሉ። በጥንቱ ዲናሞም ቢሆን ጥሩ ልማድ አልነበረም፤ በአልተርኔተር ላይ ግን የሚነሳው ከፍተኛ ቮልት ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። ጤነኛውን ለመመርመር መግደል ይሆናል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ አየር ስለሚያወጣ በክብሪት ብርሃን ውስጡን ማየት ሞትን መጥራት ነው። አሲዱ ዓይን ከነካ ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካላቸው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ስለሆነ፣ አዲስ ባትሪ ከመግጠም በፊት የትኛው ከአካሉ ጋር እንደታሰረ ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባትሪው በእርግጥ አርጅቶ ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ይለወጥ፤ የተፈረደበት ተመርምሮ ነውና ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ጓደኞቻችን በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ የጎረቤት ሹፌር «ባትሪው ሞቷል» ሲል ብትሰሙ አትከራከሩት፤ ቴስተር አቀብሉትና ሌሎቹን ሦስት ተጠርጣሪዎች አብራችሁ ጠይቁ።