ለታዳጊዎች ማቆያ የሚመች መብራት

ከሕጉ እንነሣ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የታዳጊዎች ማቆያ ክፍል የሚሠራ ወይም የሚያድስ ሰው መጀመሪያ ሕጉን ይይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ አጥፊዎች ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አብረው እንዳይታሰሩ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ተለይተው ይያዙ ማለት ግን ከግቢው ጀርባ የተረፈችው ጨለማ ክፍል ትሰጣቸው ማለት አይደለም።

መስኮት ከአምፖል ይቀድማል

የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች እስረኛ በቀን ብርሃን ማንበብና መሥራት የሚያስችለው ሰፊ መስኮት እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ለአዋቂ ይህን ያህል ከተጠየቀ ለልጅ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ላይ የሚወጣ መስኮት አጭር የጣሪያ ክፈፍ ከተደረገለት ዓይን ሳይወጋ ቀኑን ሙሉ ያበራል። የምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይን በቀጥታ ፊት ላይ ይለቃል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ብርዳማ ሱሉልታ ግን የምሥራቅ መስኮት ጥቅም አለው፤ የጠዋት ፀሐይ ክፍሉን ታሞቃለች። ግድግዳውና ኮርኒሱ ነጭ ከተቀቡ ያው መስኮት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል።

ሌሊት

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው። ለጥበቃ ሲባል አናት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ነጭ አምፖል ልጁን እንቅልፍ ይነሣዋል። የጉርምስና ዕድሜ በተፈጥሮው እንቅልፍን ወደ ሌሊቱ ይገፋል፤ ሰማያዊነት ያለው ነጭ ብርሃን ደግሞ የእንቅልፍን ሆርሞን ያዳክማል። ያልተኛ ልጅ በማግሥቱ አይማርም፣ ቁጡም ይሆናል።

አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። የብርሃኑን ቀለም 6500 ኬልቪን የሚለው ለመኝታ ክፍል አይሆንም፤ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ቢጫ ይሻላል። የማንበቢያ ጠረጴዛ 300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ይበቃዋል። የጥበቃው መብራት ኮሪደሩ ላይ ዝቅ ብሎ ደብዘዝ ያለ ይሁን። የማንበቢያው ማብሪያ ማጥፊያም ልጁ የሚደርስበት ቦታ ይደረግ።

ደኅንነት

የተንጠለጠለ ገመድና አምፖል አይኑር። መብራቱ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ በማይሰበር ፖሊካርቦኔት ይሸፈን፤ የተጨነቀ ልጅ ራሱን የሚጎዳበት ነገር ማግኘት የለበትም። መብራት ሲጠፋ በተቆለፈ ክፍል ሻማ አይለኮስም። በሶላር የሚሞላ የባትሪ መብራት ለኮሪደሩና ለመጸዳጃው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ክፍሉን ከመረከባችሁ በፊት አንድ ምሽት ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ መጽሐፍ ይዛችሁ አንብቡ፣ ከዚያም ለመተኛት ሞክሩ። ካልቻላችሁ አትረከቡት።