ፍለጋውን ያላቆመ ባለቤት

በወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ ውሻ ከግቢ ወጥቶ ሲቀር ባለቤቱ በር በር እያንኳኳ ጎረቤት ይጠይቃል። «ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ ውሻ አላያችሁም?» በሁለተኛው ሳምንት ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። በሦስተኛው ሳምንት ውሻው ሁለት ሰፈር አልፎ፣ በሌላ ሰው ግቢ በአዲስ ገመድ ታስሮ ቢገኝስ? ያገኘው ሰው «መንገድ ላይ ወድቆ አንስቼ፣ አብልቼ፣ አሳክሜ ያቆየሁት ነው» ይላል። የጠፋበትም «ከቡችላነቱ ያሳደግሁት ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጭቅጭቅ መልስ አለው። በሕጉ ዓይን ውሻም ላምም ተንቀሳቃሽ ንብረት ናቸው። አንቀጽ 1152 እንደሚለው፣ ባለቤት ያለው እንስሳ አምልጦ ቢጠፋ ባለቤት አልባ የሚሆነው ባለቤቱ ሳይፈልገው ሲቀር ወይም ፍለጋውን ለአንድ ወር ሲያቆም ነው። ያኔ በአንቀጽ 1151 መሠረት፣ የራሱ ሊያደርገው አስቦ የያዘው ሰው ባለቤት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ወሩ እንስሳው እስኪገኝ የተሰጠ ቀነ ገደብ የሚመስለው ጥቂት አይደለም። ሕጉ የሚቆጥረው ግን የተቋረጠውን ፍለጋ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እየጠየቀ፣ እያስነገረ የቆየ ባለቤት መብቱ አብሮት ይቆያል፤ በአምስተኛው ቀን «በቃ፣ ጅብ በልቶታል» ብሎ የተቀመጠ ግን ወር ሲሞላው የሚከራከርበት መሠረት ያጣል።

ስለዚህ ፍለጋው ዱካ ሊኖረው ይገባል። ለፖሊስ ያመለከተበት ቀን ያለበት ወረቀት፣ ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ፣ በምሰሶ ላይ የተለጠፈው «ላገኘልኝ ወሮታ እከፍላለሁ» የሚለው ማስታወቂያ በስልክ ተነሥቶ፣ በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ሲነገር የሰሙ ሰዎች፤ ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት ፊት ይናገራል። ባለቤትነቱን ለማሳየት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድና እንስሳውን በግራም በቀኝም የሚያሳይ ፎቶ ከመጥፋቱ በፊት ቢቀመጥ ይመረጣል። ጠባሳ፣ የቀንድ ቅርጽ፣ የጆሮ ምልክት በግልጽ ይታይ። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንቀጽ 1193 ዕቃውን በእጁ የያዘውን ሰው እንደ ባለቤት ስለሚገምት፣ «አይደለህም» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ካስረዳ በአንቀጽ 1206 ንብረቱን ያለ መብት ከያዘው ከማንም ሰው እጅ ማስመለስ ይችላል።

ያገኘውም ሰው መብት አለው። የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ስለ ግኝቱ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ለማቆየት ያወጣውን ወጪ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታም ወሮታ መጠየቅ ይችላል። የመድኃኒትና የመኖ ደረሰኝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባለቤቱን እያወቀ እንስሳውን የሚደብቅ ወይም ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ግን በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል።

የወላይታ ጉዳይ ከውሻም አልፎ ላም ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ላሟ ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች፤ እንሰቱም ያለ እበቷ አያምርም። ደግሞም የታሰረችበት ቤት ሁልጊዜ የባለቤቷ ቤት አይደለም። ሃራ በሚባለው ልማድ ከብት ያለው ሰው ለሌላው ያስረባል፤ አርቢው ወተቷንና እበቷን ይጠቀማል። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ የቃል ነው። ላሚቱ ጠፍታ ሦስተኛ ሰው ጋ ስትገኝ ወይም አርቢው ሲሞት ወራሾቹ «በአባታችን በረት ያደገች ናት» ሲሉ፣ ያው የአንቀጽ 1193 ግምት ባለቤቱ ላይ ይዞራል። የላሟ ቀለም፣ ዕድሜና ቀን ተጽፎበት ሁለት ምስክር የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ዓመት ከሚፈጅ ክርክር ያድናል።

ያመለጠች ላም የሰው በቆሎ ወይም እንሰት ከበላችስ? ባለ ይዞታው ካሳው እስኪከፈል ሊይዛት ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ለባለቤቷ መንገር፣ ካላወቀውም ማፈላለግ አለበት። ዝም ብሎ ያሰረ ሰው ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ይሻገራል።

ውሻው በጠፋበት ሰሞን ሰው ቢነክስ ደግሞ፣ አንቀጽ 2071 ባለቤቱን ይይዘዋል፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «የኔ ነው፣ እየፈለግሁት ነው» የሚል ሰው ይህንንም አብሮ ይሸከማል። ለራሱ ጥቅም ብሎ የያዘው ሰውም በአንቀጽ 2072 ሊጠየቅ ይችላል። የተነከሰው ሰው ግን ክርክሩን ትቶ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ለንጽጽር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ በአካባቢው አስተዳደር እጅ የሚቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለውሻ ማይክሮቺፕ ማስተከል ግዴታ ስለሆነ መጠለያው ባለቤቱን በቁጥር ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ግን በመጠለያ በኩል ለአዲስ ቤተሰብ የተሰጡ ውሾችን ለማስመለስ የቀድሞ ባለቤቶች ፍርድ ቤት እስከ መቆም ደርሰዋል። ሶዶ ውስጥ የጎረቤት ግቢ መጠለያ በሚሆንበት ጊዜ የኛ ሕግ የፈላጊውን ትጋት መመዘኑ ለባለቤቱ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል።

ብዙው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ፣ በወላይታ አጠራር በደሬ ጭማ፣ ፊት ያልቃል፤ ይህም መልካም ነው። እርቁ ግን በቃል ብቻ አይቅር። እንስሳው ሲመለስ ቀኑ፣ ምልክቱ፣ የተከፈለው ወጪና ወሮታ፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚለው ቃል ይጻፍ፤ ሁለቱ ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፤ አንድ አንድ ቅጂም በየእጃቸው ይያዙ።