በሬው እግሩን ለምን ይጎትታል?

ጥያቄ፦ በሬያችንን ለሕክምና ጠልፈን ጥለን በደረቅ መሬት ላይ ብዙ ሰዓት አቆየነው። ከተነሳ ወዲህ አንድ የፊት እግሩን ይጎትታል። ተሰብሮ ይሆን?

መልስ፦ ስብራት አለመኖሩን የእንስሳት ሐኪም ዳብሶ ያረጋግጥ፤ አኳኋኑ ግን የራዲያል ነርቭ ጉዳት ይመስላል። ክርንን የሚዘረጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ይህ ነርቭ የላይኛውን የክንድ አጥንት ተጠምዝዞ ስለሚያልፍ፣ በጎኑ የተኛ በሬ በገዛ ክብደቱ ይጫነዋል። ያኔ ክርኑ ዝቅ ይላል፤ እግሩ አልቆም ይላል፤ ሰኮናው ወደ ኋላ ታጥፎ ፊቱ መሬት እየፈተገው ይቆስላል። ነርቩ በጫና ብቻ ከደነዘዘ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። ከተበጠሰ ግን መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ተስፋው የመነመነ ነው። ወፍራም ጭድ ያንጥፉለት፤ የሚፈተገውን በጨርቅ ይጠቅልሉለት። እስኪድን ቀንበር እንዳይጭኑበት አደራ።